ያልተመነጠረው ጓሮ

ቤተ ክርስቲያን ከመስከረም 26 ቀን እስከ ኅዳር 5 ቀን ያለውን አርባ ዕለት ዘመነ ጽጌ ብላ ስትለየው፣ ሊቃውንቷም በማኅሌተ ጽጌ ሌሊቱን ቆመው እመቤታችንን ከልጇ ጋራ በአበባ እየመሰሉ ሲያወድሱ፣ የደጋው ሥነ ፍጥረት ከዜማው ጋራ አንድ ሆኖ ይገኛል፤ ክረምቱ አልፎ አደይ አበባ መስኩን፣ መጭም የእርሻውን ዳር ቢጫ የሚያለብሱት በዚያው ወራት ነውና። የጎጀብን ወንዝ ተሻግሮ በቦንጋ በኩል ወደ ሚዛን ተፈሪና ወደ ቴፒ የወረደ ሰው ግን ሌላ ዓይነት የአበባ ባሕረ ሐሳብ ያገኛል። በዚያ ሀገር ዝናቡ በሦስት ወር ተወስኖ የሚቀር ሳይሆን ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ጥቅምት የሚዘልቅ ስለ ሆነ፣ ጽጌያቱም በአንድ ጊዜ ፈንድተው በአንድ ጊዜ አይረግፉም፤ ዋንዛው በመጸው ነጭ ለብሶ ሲያበቃ ግራዋው በታኅሣሥና በጥር ይተካዋል፣ ቡናው በየካቲትና በመጋቢት የመጀመሪያይቱን ዝናብ ቀምሶ ይፈነዳል፣ በከፍታው ቦታ ጌተም በሚያዝያ ዙሪያ ያብባል፣ ብሳናውም በግንቦትና በሰኔ ተራውን ይይዛል። ይህን ተራ ከማንም አስቀድማ ያወቀችው ንብ ናት፤ ከእርስዋም ቀጥሎ እርስዋን ተከትሎ ማር የሚቆርጠው ሰው።

ዛሬ በሌላው ዓለም ባለ ቤቶች የግቢያቸውን ሣር እየነቀሉ ለንብና ለቢራቢሮ የሚስማማ የሀገራቸውን ዕፀዋት መትከል እንደ አዲስ ጥበብ ይዘውታል። የምዕራብ ደቡቡ የቡና ምድር ግን ይህን ጥበብ ጥበብ ሳይለው ብዙ ዘመን ኖሮበታል፤ መንገዱም ከመትከል ይልቅ ሳይቆርጡ መተው ነበረ። ካፊቾውም፣ ሸካቾውም፣ ቤንቹም ጎጆ ለመቀለስ ደን ሲገባ ዛፉን ሁሉ ጠራርጎ አይጥልም፤ ለምሰሶና ለማገር የሚሆነውን ይቆርጣል፣ ለእንሰቱ ፀሐይ የሚከለክለውን ያሳሳል፣ ጥላው ለቡና የሚስማማውን ሰሳና ብርብራ፣ ለልጁ ዘመን ሣንቃ የሚሆነውን ዋንዛ፣ ንብ የሚወድደውን ብሳና ግን በቆሙበት ይተዋቸዋል። ከዚህ በኋላ ከጎጆው ጀርባ እንሰት፣ በእንሰቱ መካከል ጎደሬ፣ ከዚያ ወዲያ ቡና፣ ርጥበቱ ባልጠፋበት ጥላ ኮረሪማ፣ በዛፉ ጥላ ሥር የሚበቅል ጥምዝ፣ በደጁም በኩል እንደ ዳማከሴና ኮሰረት ያለው ለመድኃኒትና ለወጥ የሚሆነው ቅጠል ሁሉ እየተጨመረ፣ የደኑ ፈረቃና የቤቱ ፈረቃ ሳይለያይ ይቀጥላል። አጥሩም ቢሆን ደረቅ እንጨት ብቻ አይደለም፤ ቆርጠው የሰኩት ሰንሰል፣ ግራዋና ቆርች በቅሎ የቆመበት ሕያው አጥር ነው። ሰንሰሉ ነጭ አበባውን ሲያወጣ በአጥሩ ዳር የሚያልፍ ሰው የንቡን ድምፅ ሳይሰማ አያልፍም።

በእንሰትና በጎደሬ ጓሮ በሬ ተጠምዶ የማይታረስ መሆኑም ትልቅ ነገር ነው፤ ምክንያቱም ጣዝማ የምትኖረው ማረሻ ባልገለበጠው መሬት ውስጥ ነው። ጣዝማ የማትናደፍ፣ ከዝንብ የማትበልጥ ትንሽ ንብ ናት፤ ቤቷን ከመሬት በታች ሠርታ በጠባብ ቀዳዳ ትወጣለች ትገባለች፤ ማሯም ቀጭን፣ ጣፋጭነቱ ከመጣጣነት ጋራ የተቀላቀለ ሆኖ፣ በሳልና በጉሮሮ ሕመም ለተያዘ ሰው ከማናቸውም ማር ይልቅ ይፈለጋል። ቀዳዳዋን ያወቀ ሰው ለጎረቤቱ አይነግርም ይባላል፤ ይህ ንፍገት ክፉ አይደለም፤ ማሩን የሚሻ ሰው መሬቱን ቆፍሮ ጎጆዋን ከነልጆቿ ስለሚያፈርስ፣ ያልታወቀች ጣዝማ የዳነች ጣዝማ ናትና። ስለ ንብ የሚጽፉ ሰዎች ሁሉ ስለ ቀፎዋ ንብ ብቻ ሲናገሩ ይህችን ታናሽ ፍጥረት መርሳታቸው ሁልጊዜ ያስገርመኛል።

የቀፎው ነገር ከጓሮ አልፎ ወደ ደን የሚወስድ ነው። በሸካና በካፋ ቀፎ የሚባለው ግንድ ለሁለት ተሰንጥቆ፣ ውስጡ ተፈልፍሎ፣ ሁለቱ ክፍል እንደ ገና ተገጥሞ በሐረግ የታሰረ፣ ዝናቡም እንዳይገባበት በቅጠልና በልጥ የተሸፈነ ረጅም ዕቃ ነው። ባለ ቤቱ ውስጡን ሽታው ደስ በሚያሰኝ ቅጠልና እንጨት ካጠነው በኋላ፣ በሐረግ ተንጠላጥሎ ከረጅሙ ዛፍ ጫፍ አውጥቶ በቅርንጫፍ መካከል ያጋድመዋል፤ ከዚያ በኋላ የእርሱ ድርሻ መጠበቅ ብቻ ነው፤ መንጋው ከደኑ ተነሥቶ በራሱ ፈቃድ ይገባል፣ ወይም አይገባም። ማር የሚቆረጠው በጨለማ ነው፤ የዚህ ሀገር ንብ በቀን ቁጡ ስለ ሆነ፣ አንዱ የሚጤስ ችቦ ይዞ ይወጣል፣ ሌላው ከሥር ሆኖ በገመድ የሚወርደውን ዕቃ ይቀበላል፣ ከላይም የወደቀ የእሳት ፍንጣሪ በቅጠሉ መካከል እያበራ ሲወርድ ይታያል። ከጌተም አበባ የተገኘው ማር በረጋ ጊዜ ነጭና ለስላሳ ይሆናል፤ በማሻና በቦንጋ ገበያ የሚከበረው እርሱ ነው። ጌተም ራሱ አስገራሚ ዛፍ ነው፤ ብዙ ጊዜ ሕይወቱን በመሬት ላይ ሳይሆን ወፍ ዘሩን በጣለበት በሌላ ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ይጀምርና ሥሩን ቀስ በቀስ ወደ ታች ያወርዳል፤ ስለዚህ አሮጌውን ዛፍ ሁሉ የቆረጠ ሰው ጌተምን ሳይነካው አጥፍቶታል ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ያጸናው ግን ፍቅረ ተፈጥሮ ብቻ አልነበረም፤ ሥርዓተ ርስት ነበረ። በሸካ ኮቦ የሚባል የደን ድርሻ አለ፤ ወሰኑ በወንዝ፣ በሸንተረርና በታወቀ ዛፍ የተለየ፣ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ሲሆን፣ በዚያ ድርሻ ውስጥ ቀፎ የመስቀል መብት የባለ ኮቦው ብቻ ነው። የሌላውን ሰው ዛፍ መቁረጥ ማሩን እንደ መስረቅ ይቆጠር ስለ ነበረ፣ አንድ ትልቅ ዛፍ በቆመበት ለብዙ ትውልድ ግብር የሚከፍል ሀብት ሆኖ ይኖራል። በዚህ ላይ የጎሳ አባቶች የሚለምኑባቸው ተራሮችና ምንጮች ዛፋቸው የማይነካ መሆኑ ይታከልበታል፤ በሰሜኑ የደብሩ ቅጥር ወይራውንና ጽዱን እንዳዳነ፣ በዚያም ሀገር እንዲሁ የተከበረው ቦታ ደኑን አዳነ።

ከቴፒ ወደ ምዕራብ በሚዘልቀው ቆላማ ደን የሚኖረው የማጃንግ ሕዝብ ደግሞ ይህን ነገር በሌላ መልክ ያሳያል። ጃክ ስቶደር የተባለው ተመራማሪ በእነርሱ መካከል ተቀምጦ እ.ኤ.አ. በ1971 ያሳተመው መጽሐፍ እንደሚያስረዳው፣ ማጃንጎች እርሻቸውን በየጥቂት ዓመቱ ከቦታ ወደ ቦታ የሚያዛውሩ፣ መንደራቸውንም አብረው የሚያነሡ ሕዝብ ነበሩ፤ ቤትና ማሳ ሲቀየር የማይቀየረው ግን በዛፍ ላይ የተሰቀለው ቀፎ ነበረ። ለሰሜን ሰው ርስት ማለት አጥንቱ ያረፈበት እርሻ ሲሆን፣ ለማጃንጉ ርስት ማለት ንብ የገባበት ዛፍ መሆኑን ልብ ማለት ይገባል።

በ1889 ዓ.ም. በራስ ወልደ ጊዮርጊስ አዝማችነት የዘመተው ጦር የካፋን መንግሥት አፍርሶ የመጨረሻውን ንጉሥ ታቶ ጋኪ ሸሮቾን ከማረከ በኋላ፣ የማሩ መንገድ ተለወጠ። ቀድሞ ለታቶውና ለጎሳው አለቃ ይገባ የነበረው ግብር አሁን በጉንዶ እየተሰፈረ ለመልከኛውና ለወታደሩ፣ ከዚያም ወደ ላይኛው ግቢ ይሄድ ጀመር፤ የዐፄ ምኒልክ ግቢ ግብር ጠጅ የሚፈስስበት ነበረና፣ ማር የሚያወጣ ሀገር ሁሉ ለጠጅ ቤቱ ይፈለግ ነበረ። ሰሙም ዋጋ ነበረው፤ ማሩ ከነሰፈፉ ለጠጅ ጣይ ከተሸጠ በኋላ፣ ሰፈፉ ተለቅሞና ቀልጦ ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ ይሆናል፣ የተረፈውም ከቡናና ከዝባድ ጋራ ወደ ባሕር ማዶ የሚሄድ ሸቀጥ ነበረ። የሸካ ደን አበባ በአንድ የሸዋ ደብር ቅዳሴ ፊት ብርሃን ሆኖ ይበራ ነበር ብንል ከእውነት አንርቅም።

ከዚህ በኋላ የመጣው ዘመን ግን ለመጻፍ የሚያሳፍር ነው። በዚያ ጊዜ ጊሚራ ይባል የነበረው የቤንች ሀገርና ከእርሱ በታች ያለው የማጂ አውራጃ በባሪያ ፈንጋይ ተመዘበረ፤ ሕዝቡ ተጋዘ፣ ሸሸ፣ አለቀ፤ ብዙ መንደርም ባዶ ሆኖ ቀረ። ሰው የጠፋበትን ጓሮ ደን ወረሰው፤ ቡናውና ኮረሪማው ባለቤት ሳይኖራቸው በጥላው ሥር መብቀላቸውን ቀጠሉ። ዛሬ የጫካ ቡና እየተባለ የሚደነቀው ሁሉ የሰው እጅ ከቶ ያልነካው ነው ብሎ የሚጽፍ ሰው ይህን መከራ ሳያውቅ ወይም ሳያስብ የሚጽፍ ይመስለኛል።

ቡናው ራሱ ከንቡ ጋራ ያለው ዝምድና ረቂቅ ነው። ለወራት ተዘግታ የቆየችው እምቡጥ በደረቁ ወራት መጨረሻ ዝናብ ባገኘች በስምንትና በአሥር ቀን መካከል ትፈነዳለች፤ በዚያ ማለዳ ቅርንጫፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ነጭ ይሆናል፣ መዓዛውም ከመንገድ ይሰማል፤ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ግን አበባው ቡናማ ሆኖ ይረግፋል። የሀገራችን ቡና በራሱ ዱቄት ራሱን ማፍራት የሚችል ዕፅ ስለ ሆነ፣ ሊቃውንት ብዙ ዘመን ንብ አያስፈልገውም ብለው ነበር። ይህን አሳብ ያናወጠው ነገር የመጣው ከሩቅ ሀገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ከሚዛን ብዙ በማይርቀው የጌሻ ደን የተለቀመ የቡና ዘር ወደ ኬንያና ወደ ታንጋኒካ፣ ከዚያም ወደ ኮስታ ሪካ ተሻግሮ በመጨረሻ በፓናማ ተራሮች ላይ ተተከለ፤ ስሙን ይዞ በ2004 በዚያ ሀገር ጨረታ ላይ ዓለምን ያስደነቀ ዋጋ አወጣ። በዚያችው በፓናማ፣ ከዚህ ሁለት ዓመት አስቀድሞ፣ ዴቪድ ሩቢክ የተባለ የንብ ሊቅ ንብ የሚጎበኘው የዐረቢካ ቡና ከማይጎበኘው ይልቅ ምርቱ ከግማሽ በላይ እንደሚጨምር ጽፎ ነበር፤ እነዚያ ንቦችም ዘራቸው ከአፍሪካ የሄደ ነበሩ። የእኛ ቡናና የአፍሪካ ንብ ባሕር ተሻግረው በባዕድ ምድር መገናኘታቸው፣ ትምህርቱም ከዚያ ተመልሶ መምጣቱ እንዴት ያለ ነገር ነው! በ2014 ደግሞ፣ ይህም በአውሮፓ አቈጣጠር ነው፣ የስዊድንና የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች በምዕራብ ደቡብ የቡና ጥላ ሥር ተቀምጠው አበባውን የሚጎበኙትን ፍጥረታት ቢመለከቱ፣ ከሁሉ በላይ የሚመላለሰው ከፊሉ በቀፎ ከፊሉ በደን የሚኖረው የማር ንብ ሆኖ አገኙት። ቡናው ግን የሚያበላው ለጥቂት ቀን ብቻ ነው፤ የቀረውን ዓመት ንቡን የሚያኖሩት ግራዋው፣ ብሳናው፣ ጌተሙ፣ በአጥሩ ሥር ያለው ሰንሰልና ስሙ የማይነሣው አረም ሁሉ ናቸው። አንዱ ፈረቃ ቢጎድል መንጋው ቀፎውን ትቶ ይሄዳል፣ የቡናው አበባም ሲፈነዳ የሚጎበኘው አያገኝም።

ፈረቃው መጓደል የጀመረው ትልልቆቹ እርሻዎች ሲመጡ ነው። የበበቃና የቴፒ የቡና እርሻዎች በደርግ ዘመን በመንግሥት እጅ ሆነው ሲሰፉ፣ የበበቃው ብቻ ወደ 10,000 ሔክታር የሚጠጋ ይዞታ ነበረው፤ ጥላውን ፈጽመው አልጣሉትም፣ ነገር ግን የዛፉን ዓይነት አሳነሱት። በካፋ የውሽውሽ የሻይ ተክል ደግሞ ኮረብታውን አንድ ወጥ አረንጓዴ አደረገው፤ ለዓይን ደስ ቢያሰኝም፣ ሻይ ለጋ ቅጠሉ ሳያብብ የሚቀጠፍ ስለ ሆነ ለንብ የሚሰጠው ነገር የለም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ መሬትን ሁሉ የሕዝብ ባደረገ ጊዜ ገባሩ ከመልከኛው ተገላገለ፤ ይህ ትልቅ ፍትሕ ነበረ፤ ዳሩ ግን ኮቦውም በሕግ ፊት ስም የሌለው ነገር ሆነ። ባለ ኮቦው በልማድ እንጂ በወረቀት የማያስረዳው ዛፍ፣ ሊቆርጠው ለመጣ ሰው የማንም ዛፍ ሆነ። ከ1977 ዓ.ም. ጀምሮም ከድርቁ የተረፈው የሰሜን ወገናችን በሠፈራ ሲመጣ፣ የሚያውቀውን ማረሻና የሚያውቀውን እህል ይዞ መጣ፤ ደን ለእርሱ ያልታረሰ መሬት ነበረ። ይህን የምጽፈው ሠፋሪውን ለመውቀስ አይደለም፤ በቁርጥማትና በወባ መካከል ልጆቹን ሊያበላ የመጣን ሰው ስለ ጌተም ማን ነግሮት ያውቃል?

በኋላ ዘመን የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 የካፋን፣ በ2012 የሸካን፣ በ2017 የማጃንግን ደን በዓለም የሕይወት ክልል መዝገብ ላይ ጻፋቸው። መልካም ነው። መዝገቡ ግን ስለ ደኑ ይናገራል እንጂ ስለ ከተማው ጓሮ አይናገርም፤ ዛሬ ደግሞ በዚያ ሀገር በከተማ የሚሠራው ቤት እየበዛ ነው።

ሚዛን ተፈሪ ከባሕር ወለል በላይ 1,450 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ ቴፒም ከ1,200 ሜትር ብዙም ሳትርቅ ቆላው አፋፍ ላይ ተቀምጠው፣ ማንኛውም የተሰካ እንጨት የሚበቅልባቸው ከተሞች ናቸው። በዚህ ለምለም ምድር ላይ የሚሠራው አዲስ ግቢ ግን ብዙ ጊዜ አስቀድሞ ይመነጠራል፣ ዙሪያውም በብሎኬት ይታጠራል፣ ደጁ በሲሚንቶ ይለሰናል፣ ከዚያ በኋላ ከችግኝ ጣቢያ ግራቪሊያና ቡገንቪሊያ መጥቶ ይተከላል። ግራቪሊያው ሲያብብ ንብ ይጠግብበታልና አልነቅፈውም፤ እንደ ባሕር ዛፍ ሁሉ ከአውስትራሊያ የመጣ እንግዳ ቢሆንም ሥራ አለው። የቡገንቪሊያው ነገር ግን ከሩቅ የሚያምር ባዶ ገበታ ነው፤ ቀይና ሐምራዊ ሆኖ የሚያብረቀርቀው ቅጠሉ እንጂ አበባው አይደለም፣ በውስጡ ያለችው ትንሽ አበባም ለንብ እምብዛም አትረባም። የወፍ ቆሎን ለአጥር የሚተክል ሰው ደግሞ የራሱን ብቻ ሳይሆን የጎረቤቱንም መሬት ለአረም መስጠቱ ነው።

ለጠባብ ግቢ ጌተምንና ዋንዛን አልመክርም፤ ዋንዛ ከቤት ራቅ ያለ ቦታ ይሻል፣ ጌተምም የማሻና የጌሻ ከፍታ ዛፍ ነው። ከጣራው ውሃ ወዲያ ባለው ጥግ አንድ ብሳና፣ ከእርሱ ሥር ጥቂት እግር ቡና፣ ጥላው በሚወፍርበት ኮረሪማ፣ በወጥ ቤቱ ደጅ ዳማከሴና ኮሰረት ቢኖሩ ግን የቀድሞው ጓሮ አሳቡ ሳይጠፋ በሃምሳ ክንድ መሬት ላይ ይገባል። ኮሰረቱን ሁሉንም ሳይቀነጥቡ ጥቂቱን እንዲያብብ መተው፣ ከግቢውም አንዱን ጥግ ሳይቆፍሩ ለጣዝማ ማቆየት ገንዘብ የማይጠይቅ ነገር ነው። የቅመማ ቅመም ምርምር በቴፒ ስላለ የኮረሪማና የጥምዝ ዘር ከሩቅ አይፈለግም።

ግራዋንና ሰንሰልን ከችግኝ ጣቢያ የሚገዛ የለም፤ ከጎረቤት አጥር ክንድ የሚያህል ቅርንጫፍ ለምኖ ዝናቡ በጸና ጊዜ መሰካት ይበቃል፤ ሰንሰሉ ቶሎ ይይዛል፣ ግራዋው በጥቂት ዓመት ከሰው ቁመት ያልፋል። ለገና ወይም ለጥምቀት ግቢዬ ይመር ብሎ አጥሩን የሚከረክም ሰው ግን የግራዋውን እምቡጥ ሊፈነዳ ሲል ቆርጦ መጣሉ ነውና፣ መከርከሚያውን እስከ የካቲት ቢያቆየው ይሻላል።